በእጅ የያዙት ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችንና እናቶቻችን። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ትዳር ወይም ስለ ንብረት ሲወራ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ትውልድ ከተማ ላነሣው እወዳለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል በትንሽ ከተማ ተወልዶ በትልቅ ከተማ የሚሠራ፣ ልጆቹንም እዚያው የሚያሳድግ ብዙ ነው። «አገርሽ ወዴት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ «ብነግርሽም አታውቂውም» ብላ የምታልፍ እኅትም አትጠፋም። ለመሆኑ ያችን ከተማ ትንሽ ያደረጋት ስፋቷ ነው ወይስ የእኛ ዓይን?

የእኔ ከተማ ጨፋ ሮቢት ትባላለች። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ትገኛለች። ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ አቋርጦ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት የሚወርድ ተሳፋሪ ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራ ቆሬ እያለ ይቀጥልና ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከሚሴ ከመድረሱ በፊት ጨፋ ሮቢትን ያገኛታል። ያገኛታል ማለቱ ይበዛ ይሆናል፤ ያልፋታል። መንገደኛው ጥንቅሽ ወይም ማንጎ ልግዛ ካላለ በቀር ከተማዋን ከመስኮት አይቶ ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ስሟን የሰጣት ሜዳው ነው። ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው፣ ሣሩም የማይደርቅ መስክ መሆኑን አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ያውቀዋል። ከደሴ አካባቢ ተራሮች የሚነሣው ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ወደዚህ ሜዳ ሲደርስ ሩጫውን ይተዋል፤ ይንጣለላል፤ ረግረግ ይሆናል። ቄጠማውና ደንገሉ ከብት እስኪሰውር ያድጋል። በበጋ ቆላው ሁሉ ሲከስል ጨፋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህም ከአፋር በረሃ አርብቶ አደሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት በዚያው ይሰማራል። ገበያ ላይ የአፋር ሴቶች የሠሩት ሰሌንና የቆላ ማሽላ ጎን ለጎን ሲሸጡ ይውላሉ፤ አንዲት ሻጭ በሦስት ቋንቋ ስትከራከር መስማትም ብርቅ አይደለም።

እኔ ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ዓይን የሚገባ ነገር አልነበረም። ሜዳው ሁልጊዜ ያለ ሜዳ ነው፤ ቄጠማውም በበዓል ዋዜማ ታጭዶ ቤት የሚጎዘጎዝ ሣር ነው። የልጆች ሁሉ ልብ ያለው መንገዱ ላይ ነበር። ትልልቆቹ ሲያወጉ፣ ከሚያልፉት የጭነት መኪኖች አንዳንዶቹ ኮምቦልቻ ላይ ወደ ባቲ ታጥፈው፣ ሚሌን አልፈው፣ አሰብ ወደብ ይደርሳሉ ይሉን ነበር። አሰብ ሠርተው የተመለሱ ሰዎችም ስለ መርከብ፣ ስለ ዓሣ፣ ዳርቻው ስለማይታይ ውሃ ይተርካሉ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። የባሕሩ ወሬ ግን ከልጆቹ ልብ አልወጣም። ደስታ የሚባል ነገር ካለ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ ከውሃው ዳር ነው ብለን አደግን።

ከዚያ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጋዜጠኝነት ተማርኩ፤ ሥራ ያዝኩ። አዲስ አበባ ለሠራተኛ ሴት ብዙ የምትሰጥ ከተማ መሆኗን አልክድም። ዳሩ ግን በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የተዋወቅነው በበራችን ቁጥር ነበር። «የ304ቷ ሴትዮ»፣ «የ302ቱ ሰውዬ» እንባባላለን። ይህን ስል ጎረቤቶቼን ለመውቀስ አይደለም። ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ በመሀሉም ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው በምን ጊዜው ይተዋወቅ?

ባሕሩን ያየሁት ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ በሄድኩበት ጊዜ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍሬ 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጓዝኩ። ባሕሩ በእርግጥም እንደ ተወራለት ነው። ማለዳ ላይ ብር ይመስላል፤ ቀትር ላይ ሰማያዊ፤ ማታ ደግሞ የመርከቦቹ መብራት ይነጠፍበታል። ከውሃው ዳር ቆሜ ያን ሁሉ ዘመን ያለምነው ይህ ነው አልኩ። ሆኖም ሙቀቱ ልብስ ከገላ ያጣብቃል፤ የተጠማ ሰው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ውሃ አንዲት ጭልፋ ሊጠጣ አይችልም። ጅቡቲ የመጠጥ ውሃ ችግር ለረጅም ጊዜ የኖረባት ከተማ ናት። ዛሬ ከምትጠጣው ከፊሉ ከእኛ ከሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ አካባቢ፣ ከጉድጓድ ወጥቶ በቧንቧ ድንበር የሚሻገር ውሃ ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ አሳቤ ወደ ቦርከና ሄደ።

የቦርከናን ጉዞ በካርታ የተከተላችሁ እንደ ሆነ መጨረሻው አዋሽ መሆኑን ታገኛላችሁ። አዋሽ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ትልልቅ ወንዞች ባሕር አይደርስም። የአፋርን ምድር አቋርጦ በጅቡቲ ጠረፍ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በትምህርት ቤት ይህ ሲነገረን ወንዙ ያላሰበበት የቀረ መንገደኛ መስሎን እናዝንለት ነበር። አሁን ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየዋለሁ። ያ ውሃ ባሕር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ጨው ይሆን ነበር። ሳይደርስ በመቅረቱ የጨፋን ሣር አብቅሏል፤ የአፋርን ግመል አጠጥቷል፤ እርሻውን አርሷል። ሩቅ አለመድረስ ሁሉ ከንቱ መቅረት አይደለም። ከተወለደችበት ቀበሌ ሳትወጣ ስድስት ልጅ ያሳደገች እናትም እንደዚሁ ናት።

የትንሽ ከተማን ኑሮ ዋጋ አጥብቃ ያስተማረችኝ ግን ልጄ ናት። እንደምታውቁት በሕጋችን ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች። እኔም ከዘጠናው ቀን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ጨፋ ሮቢት፣ እናቴ ቤት ነው። በደረስኩ በማግስቱ ቤቱ በሴቶች ተሞላ። አንዷ የገንፎ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ፣ አንዷ በቅል የግመል ወተት ይዛ መጣች። የሕፃኗን ጨርቅ የምታጥበው ሴት «ላግዝሽ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ሳፋውን አንሥታ ወጣች። ከጎናችን የሚኖሩት አሮጊት ደግሞ ለሱብሒ ሶላት በተነሡ ቁጥር ወደ እኛ ብቅ ይሉና «ልጄ፣ አንቺ ተኚ፤ እሷን ለኔ ተይልኝ» ብለው ሕፃኗን ይወስዱልኝ ነበር። ያን ጊዜ የተኛሁትን እንቅልፍ እስካሁን አልረሳውም።

ውድ እናቶች፣ ይህን አገልግሎት በአዲስ አበባ ዋጋ እስቲ አስሉት። አራስ የምትጠብቅ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ምግብ የምታበስል፣ ሕፃን የምትይዝ፤ አራት ደመወዝ ነው። በጨፋ ሮቢት ደመወዙ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ነገ ተራው የእነሱ ሲሆን አለመቅረት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በቃል ብቻ የቀረ አባባል እንዳልሆነ የገባኝ በአራስ ቤት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቡናው ይፈላል። እጣን ይጨሳል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ አቦሉ ተቀድቶ ሲዳረስ ከሴቶቹ በዕድሜ የገፉት ዱዓ ያደርጋሉ። ዱዓው ለሕፃኗ ጤና ይጀምርና ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለአገሩ ሰላም ይደርሳል። መጨረሻው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዓረብ አገር ያሉትን አላህ በሰላም ይመልስልን።» ሁሉም «አሚን» ሲሉ ድምፁ ከሌላው «አሚን» ሁሉ ይበረታል። ለምን እንደሚበረታ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለ የአንዲት ልጅ ፎቶግራፍ አለ፤ ልጅቷ ግን የለችም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበረች። ጅዳ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ በ2006 ዓ.ም. ተመለሰች። ያ ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን የውጭ አገር ሰዎች ያስወጣችበት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የተመለሱበት ዓመት ነው። ዛሬ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት ከፍታለች። እኔም ባሕር ማየቴን በኩራት ስነግራት ሳቀች። ጅዳ በቀይ ባሕር ዳር የተሠራች ከተማ መሆኗን ረስቼ አልነበረም፤ ግን እሷ ያየችውን ባሕር አላየሁም ነበር።

«ስድስት ዓመት ባሕሩ አጠገብ ኖሬ ያየሁት ልብስ ሳሰጣ ነው፤ ከሰገነት ላይ» አለችኝ። «ያምራል፤ ወላሂ ያምራል። ግን 'ነይ እዪው' የምትያት ሰው ከጎንሽ ከሌለች ባሕርም ግድግዳ ነው።»

በዚህ ቃል ላይ ብዙ አሰብኩ። ጅቡቲ ላይ እኔ ባሕሩን ያየሁት ሥራዬን ጨርሼ፣ የመመለሻ ትኬቴን ይዤ ነው። እሷ ያየችው ፓስፖርቷ በሌላ ሰው ሣጥን ተቆልፎ ሳለ ነው። ውሃው አንድ ነው፤ የቆምንበት ግን አንድ አልነበረም።

ታዲያ ታናሽ እኅቷ ለመሄድ ስትነሣ ምን ትላታለች? ይህንንም ጠየቅኋት። «አትሂጂ ብዬ ብቻ አልተዋትም» አለች። «ይህ የእናታችን ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በዚያው ገንዘብ ነው። አትሂጂ ካልኳት እዚህ የምትሠራውን ማሳየት አለብኝ።» አሁን እኅቷ ከእሷ ጋር ሻይ ቤቱ ውስጥ ትሠራለች፤ በገዛ ገንዘቧም የገበያ ሴቶች እቁብ ገብታለች። እቁቡ ሲወጣላት ወተት ገዝታ እርጎና ቅቤ ለመንገደኛ ልትሸጥ አስባለች። ይሳካላት አይሳካላት ገና አልታወቀም። ነገር ግን ቀሪ ሆና ሳይሆን አስባ የቀረች ልጅ ናት።

ይህን ሁሉ ስል ጨፋ ሮቢትን ገነት ላደርጋት አይደለም። ረግረግ ባለበት ወባ አለ፤ የቆላው ሙቀትም ቀላል አይደለም። አካባቢው በስምጥ ሸለቆ ዳር ያለ ነውና ግንቦት 1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ ካራ ቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚህ መሥመር በተደጋጋሚ በተነሡ ግጭቶች የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴም ደርሶ ነበር። ጨፌውም ቢሆን ለእርሻ እየተጠረገ በየጊዜው ይጠባል። ትንሽ ከተማን መውደድ እነዚህን ነገሮች መሸፈን ማለት አይደለም። እንዲያውም የሚወዱትን ነገር ጉድለቱን ሳይናገሩ መጠበቅ አይቻልም። ቄጠማው ካለቀ አፋሩ የሚመጣበት፣ አርሶ አደሩም ከብቱን የሚያሳድርበት ምክንያት ያልቃል። ሴት ልጅ የምትሠራው ካጣችም የአራስ ቤቱን የሚሞላው ትውልድ ያልቃል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ስጀምር ልጄን የምትይዝልኝ አንዲት ወጣት ቀጠርኩ። እሷም ከወሎ፣ ከትንሽ ከተማ የመጣች ናት። ያን ጊዜ ነገሩ ሰንሰለት መሆኑ ታየኝ። የእኔ ልጅ በእሷ ጀርባ ታዝላ ታድጋለች፤ የእሷ ታላቅ እኅት ሪያድ የሌላ ሰው ልጅ ትይዛለች፤ እናታቸው ደግሞ ያለ አንድም ሴት ልጅ ብቻዋን ቡና ታፈላለች። ሠራተኛ እናቶች ሥራችንን የምንሠራው በዚህች እናት ጉድለት ላይ ቆመን ነው። ይህን ማወቅ ሥራ እንድንተው አያደርገንም፤ ነገር ግን የሚገባንን እንድናደርግ ያደርገናል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሦስት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

መጀመሪያ፣ በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች የከተማዋን ስም ጠይቋት። ስሙን ብቻ ሳይሆን ወንዙን፣ የገበያውን ቀን፣ እናቷ ቡና ከማን ጋር እንደምትጠጣ ጠይቋት። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ እናቷን አይታ እንድትመለስ ፈቃዷን አትንፈጓት። የመሳፈሪያው ገንዘብ ለእናንተ ከአንድ ቀን ወጪ ላይበልጥ ይችላል፤ ለዚያች እናት ግን የዓመት ስንቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ ወይም እኅታችሁ ዓረብ አገር ልሂድ ካለች ደመወዙን ብቻ አትቁጠሩ። እዚህ በነጻ የምታገኘውን፣ እዚያ በምንም ገንዘብ የማትገዛውን አብራችሁ ቁጠሩ። ታምማ ሲያድር የሚጠይቃት፣ ስትበደል «ተው» የሚልላት፣ ስሟን ከነአባቷ የሚጠራት ሰው ዋጋ ስንት ነው? ይህን ቆጥራችሁ አሁንም መሄዱ ከበለጠ፣ በሕጋዊው መንገድ ብቻ ትሂድ። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ እንዳትላክ ይከለክላል፤ የቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን ወጪም በአሠሪው ላይ ይጥላል። «እኔ በአቋራጭ አደርሳታለሁ» የሚል ደላላ በር ላይ ሲቆም ይህን ሕግ ጥሩበት። አቋራጩ በረሃና ባሕር ነው፤ የበላውንም ልጅ አይመልስም።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁን በክረምት ዕረፍት፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ወደ ተወለዳችሁበት ቦታ ውሰዱ። ቴሌቪዥን የሌለበት ምሽት አይገድላቸውም። ጥንቅሹን በጥርሳቸው ይላጡት፤ ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ፤ የማያውቁት ሽማግሌ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሲያስቆማቸው መልሱን ይወቁት። በትልቅ ከተማ የሚያድግ ልጅ «የት ትማራለህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «የማን ነህ?» የሚለው የለም። ይህ ጥያቄ ግን ለልጅ እንደ ካብ ነው፤ ከኋላው የቆመ መኖሩን ይነግረዋል።

መጓዝ መልካም ነው። እኔም ጅቡቲ ባልደርስ ኖሮ የቦርከናን ውሃ ጣፋጭነት ባላወቅሁ ነበር። «ዞሮ ዞሮ ከቤት» የተባለውም መዞርን ለመንቀፍ አይደለም፤ የዞረ ሰው ቤት እንዲኖረው ነው። እንግዲህ የእኛ ፋንታ ያ ቤት ቆሞ እንዲጠብቀን ማድረግ ነው፤ ጨፌው ሳይደርቅ፣ ሻይ ቤቱ ሳይዘጋ፣ በቡናው ዙሪያ «አሚን» የምትል ወጣት ሳትጠፋ።